የእትዬ ዘይነባ ፊት

የእትዬ ዘይነባን ሞት የነገረችኝ ሰቆጣ ሳለሁ አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ ናት። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ድምጿ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። «ያቺ ባለሱቅ ሞተች እኮ» አለችኝ። የቷ ባለሱቅ ብላት፣ «ያቺ ፊቷ የተበላሸው፣ ቅባት ትሸጥ የነበረችው» አለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ኋላ መልሼ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷ ምን ታድርግ፤ ሰቆጣ ስትመጣ ሴትዮዋን ያገኘቻቸው ፊታቸው እንደዚያ ሆኖ ነው። ቀብራቸው በዚያው ዕለት ተፈጽሞ ስለነበር፣ እኔ ስሰማ አፈር ከለበሱ ቆይተዋል።

ያን ቀን ባሕር ዳር ቢሮዬ ውስጥ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ አልወጣልኝም። በሕይወት ሳሉ ይህን አሁን የምተርከውን ነገር ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። እኔም ቃሌን ጠብቄ ኖሬያለሁ። ነገር ግን እንደሳቸው ያለ ሰው «ፊቷ የተበላሸው» ተብሎ ሲቀር ዝም ብል አንጀቴ አይችልም። የሰዎቹን ስም፣ የሳቸውንም ጭምር፣ ቀይሬያለሁ። የቀረው እንደሆነው ነው።

ሰቆጣ የተመደብኩት ከጎጃም ነው። በዞኑ አንድ መምሪያ ውስጥ ባለሙያ ሆኜ ስሄድ የማውቀው ሰው አልነበረም። የተከራየኋት ክፍል እትዬ ዘይነባ ግቢ ውስጥ፣ ከሱቃቸው ጀርባ ነበረች። ሱቋ ጠባብ ናት። ሎሽን፣ ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት፣ ሽቶ፣ ሒና፣ ሳሙና እስከ ጣሪያው ተደርድሮባታል። እሳቸው ከባንኮኒው ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ገበያተኛውን በአማርኛም በአገሩ ቋንቋ በኽምጣጝኛም ያስተናግዳሉ። ባላቸው በሕይወት ሳለ ከደሴና ከኮምቦልቻ ዕቃ ያመጣ ስለነበር፣ ሥራውን የተማሩት ከሱ ነው።

ገና ዕቃዬን ፈትቼ ሳልጨርስ ሰላም ልላቸው ወደ ሱቁ ብቅ አልኩ። ጠጋ ብለው አሸተቱኝ። ሰው እንደዚያ ሲያሸተኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ተናደድኩ።

«ምንድን ነው የተቀባሽው?»

ከቴሌግራም ያዘዝኩት ሎሽን ነው ብዬ የታወቀውን ስም በኩራት ጠራሁላቸው።

«እስቲ አምጪው።»

አመጣሁት። ስሙን አላዩም፤ ገለበጡና ሥሩን አዩ። «ካርቶኑስ?» አሉኝ። ጥዬዋለሁ አልኩ። ቀና ብለው በሐዘን አዩኝ። «ካርቶን ይጣላል እንዴ? ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥርና ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ካልገጠመ፣ አንዱ ከሌላ ቤት የመጣ ነው።» ከዚያ ጠብታ ጣታቸው ላይ አድርገው አሹት፣ አሸተቱት፣ ውሃ ጨመሩበት። «ዘይትና ዱቄት ነው። አይገድልሽም፤ አያምርብሽምም። ለጫማሽ አድርጊው፣ አንቺ ጎጃሜ።»

የራሳቸውን ሊሸጡልኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። «እንግዲያው ከእርስዎ ልግዛ?» ብላቸው ያ ዓይነት የለኝም፣ ቫዝሊን ይበቃሻል ብለው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጎጃሜ ሆኖ ቀረ።

ያን ጊዜ የሰቆጣ ሴት ሁሉ በስልኳ መግዛት የጀመረችበት ሰሞን ነበር። ኔትወርክ ሲመጣ ትዕዛዝ ይላካል፤ መንገድ ሲከፈት ዕቃው በወልድያ አውቶቡስ ይመጣል። ከመናኸሪያ የተቀበሉትን ፌስታል ይዘው ቀጥ ብለው ወደ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ነው። እሳቸው ሲያዩዋቸው ይሳደባሉ። «ከእኔ አትገዙ፤ ለእኔ ታስሸትታላችሁ! እኔ ምናችሁ ነኝ?» እየተሳደቡ ይከፍታሉ። የግራ ክንዳቸውን ውስጠኛ ክፍል ገልጠው ትንሽ ይቀቡና «ይሄ እዚህ ይደር። ነገ ነይ። ፊት መለዋወጫ የለውም» ብለው ይሸኛሉ። ያ ክንዳቸው በሌላ ሰው ቅባት ዝንጉርጉር ሆኖ ነበር። ይተዉት እንጂ ብላቸው፣ «ክንዴን ማን ያየዋል?» ይሉኛል።

ስልክ ላይ ያለውን ደግሞ የሚያዩት በእኔ ስልክ ነው። ምሽት ላይ ሱቁን ከዘጉ በኋላ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ያቺ ልጅ ልትገዛ ነው፣ ይህቺኛዋ ብር ልትልክ ነው እያሉ የሻጩን ቻናል ያስከፍቱኛል። ፎቶው የራሱ ነው ወይስ ከሌላ ሰው የተወሰደ፣ የያዘው እጅ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ አንድ ነው ወይስ ይለያያል፣ ሰው አስተያየት እንዳይጽፍ ተዘግቷል ወይስ ክፍት ነው፤ ይህን ሁሉ ያያሉ። «ኦሪጅናል» የሚል ቃል ካዩ ይቆጣሉ። «ኦሪጅናል ነው ወይ ብሎ ማን ጠየቀው?»

አንድ ቀን የድምፅ መልእክት ልላክ አሉና ስልኩን እንደ ማይክ አፋቸው ላይ ደቅነው ለአንዱ ሻጭ እንዲህ አሉት፦ «ወንድሜ፣ እንደምን አለህ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው? ያን ጠርሙስ ገልብጠህ በቪዲዮ ቂጡን አሳየኝ።» ሻጩ ሰማው፤ ወዲያው ብሎክ አደረገን። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እሳቸው አልሳቁም። «አየሽ፣ መልሱ ይሄ ነው» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ሳቁ የቆመው ደሃና ወረዳ የምታስተምር አንዲት ወጣት ስትመጣ ነው። ፊቷን በነጠላ ሸፍና ነበር የገባችው። ስትገልጠው ጉንጮቿ ተልጠው ቀይ ሥጋ ሆነዋል። ማስታወቂያውን ቲክቶክ ላይ አይታ ያዘዘችው ፊት የሚያጠራ ክሬም ነው። የያዘችው ቱቦ ነጭ ነው፤ ክዳኑ ወርቃማ። እትዬ ዘይነባ ሲከፍቱት ሽታው ለእኔም ደረሰኝ፤ የባትሪ ውሃ የሚመስል ሽታ አለው። የእውነተኛው ክሬም ክዳን ነጭ መሆኑን፣ ቁጥሩም ቱቦው ጭራ ላይ በመጫን የሚታተም እንጂ በቀለም የሚጻፍ እንዳልሆነ አሳዩኝ። የዚህኛውን በጥፍራቸው ሲፍቁት ቁጥሩ ተነሣ። ልጅቷን ራሳቸው ደግፈው በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት። ቁስሉ ዳነ፤ ጥቁረቱ ግን አልለቀቀም። ተማሪዎቿ ፊት መቆም ከብዷት ሥራዋን ትታ ወደ አገሯ ሄደች። እትዬ ዘይነባ ያን ቱቦ በክር አስረው ሱቃቸው በር ላይ ሰቀሉት፤ የገባ ሁሉ እንዲያየው።

ልጅ አልወለዱም። ያሳደጓት የሟች እህታቸውን ልጅ ሰሚራን ነው። ሰሚራ ቆንጆ ናት፤ ፊቷ ሲያዩት ያሳሳል። እኔ ሰቆጣ ከመድረሴ በፊት አንድ ጊዜ ታጭታ ፈርሷል። ያፈረሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይወርድ ነበር። የወንዱ ወገን ከላከው ዕቃ መሃል የነበረውን ሽቶ ሽማግሌ በተሰበሰበበት ገልብጠው አይተው፣ «ወገኖቼ፣ ተታላችኋል፤ ይሄ ሐሰተኛ ነው» አሉ። ለነሱ አዝነው ነበር። የወንዱ ወገን ግን ሐሰተኛ ብላ ሰደበችን ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ሰሚራ ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ አላነጋገረቻቸውም። የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለሽቶ ብለሽ ቤቴን አፈረስሽው።»

ሁለተኛው እጮኛ ጀማል ይባላል፤ የነጋዴ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ሰሚራን ሲያይ ዓይኑ የሚርበተበት። እናቱ እትዬ መዲና ደግሞ ኩሩ ሴት ናቸው፤ የፊተኛው ጋብቻ እንዴት እንደፈረሰ ሰምተዋል። እትዬ ዘይነባ የሰርጉ ሰሞን እንቅልፍ አልነበራቸውም። «ይሄ ከፈረሰ ሌላ የሚመጣላት የለም። በዚያ ቀን አፌን ሰፍቼ ነው የምቀመጠው» አሉኝ።

በነሱ ቤተሰብ ልማድ ከወንድ ወገን የሚመጣው ሻንጣ የሚከፈተው በሴቶች መሃል ነው። የሙሽራው እህት ዕቃውን አንድ በአንድ ከፍ አድርጋ ታሳያለች፤ እልል ይባላል። የሙሽሪት ወገን ዕቃውን ቢያገላብጥ ነውር ነው። የተፈቀደ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ልጅቷን ያሳደገችው ሴት ከሻንጣው አንድ ዕቃ ለራሷ ታነሣለች። ለሷ ተብሎ ጥሩ ሻሽ ከላይ ስለሚቀመጥ፣ ያንን አንሥታ ትመርቃለች። እኔ ከክርስቲያን እንግዶች ጋር ለብቻ የተዘጋጀልንን በልቼ፣ ሻንጣው ሲከፈት ከእትዬ ዘይነባ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።

የጀማል እህት ፎዚያ ቀሚሱን አሳየች፤ ጫማውን፣ ወርቁን አሳየች። ከዚያ አንድ ነጭ ቱቦ ብድግ አደረገች። ክዳኑ ወርቃማ ነው።

«ይሄ ደግሞ የኔ ስጦታ ነው፤ በኦንላይን ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት፣ ኦሪጅናል! ዛሬ ቤት እንደገባች በእጄ ነው የምቀባት። ነገ ፊቷን ታዩታላችሁ!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔ ወደ እትዬ ዘይነባ ዞርኩ። ማጨብጨብ ጀምረው እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል። ሰሚራም አየቻቸው። ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን ልመና እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ዛሬ እንኳ ዝም በይልኝ የሚል ነው።

«ያሳደገች ታንሣ!» አሉ ሴቶቹ።

እትዬ ዘይነባ ተነሡ። ከላይ ተጣጥፎ የተቀመጠውን አረንጓዴ ሐር ሻሽ አለፉና ቱቦውን አነሡ።

ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች። እትዬ መዲና፣ «ምነው ዘይነባ፣ ሻሹን ጠላሽው?» አሉ።

«ኧረ አልጠላሁትም። ይሄኛው ዓይኔ ገብቶ ነው።»

«እሳቸው እኮ መርማሪ ናቸው» አለች ፎዚያ እየሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። «ወስደው ሊያሸትቱት ነው።»

የእትዬ መዲና ፊት ተለወጠ። «የእኛንም ልትመረምሪ ነው? እንደ ፊተኞቹ?»

«ምን ምርመራ አመጣው? እኔስ ሴት አይደለሁ? ለራሴ ነው።»

«ለራስሽ ከሆነማ እዚሁ ተቀቢውና እንይልሽ።»

ልነሣ ስል እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ቀሚሴን ያዝ አድርገው አስቀመጡኝ። ክዳኑን ከፈቱ። ያ የባትሪ ውሃ ሽታ ለእኔ ደረሰኝ፤ ለሌሎቹ ግን ክፍሉን የሞላው ሽቶ ሸፈነው። ትንሽ ነካ አድርገው ይተዋሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጨምቀው ጉንጫቸውን፣ ግንባራቸውን፣ አገጫቸውን እስከ አንገታቸው ለቀለቁት፤ ቱቦው ውስጥ የተረፈ ያለ አይመስለኝም። «አቤት፣ እንዴት ይቀዘቅዛል! አላህ ይስጥልኝ፣ ልጆቼ» አሉ። እትዬ መዲና ፈገግ አሉ፤ እልልታው ካቆመበት ቀጠለ።

ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ባዶውን ቱቦ መቀነታቸው ውስጥ ከተው።  በጆሯቸው «ይነሡ፣ ልውሰድዎትና ይታጠቡት» አልኳቸው። «ተቀመጪ። ከታጠብኩ አወቁ ማለት ነው» አሉኝ። ሙሽሪት እስክትሸኝ ድረስ እንዲያ ሆነው ቆዩ። እያጨበጨቡ። እንባቸው መውረድ ሲጀምር ሴቶቹ «ልጄን ሸኘሁ ብላ ነው፣ ታልቅስ፣ ይውጣላት» አሉ። እኔ ያን ቤት በእሳት ባቃጥለው ደስ ባለኝ ነበር።

መኪናው እንደሄደ በጀሪካን ውሃ አጠብኳቸው። ቆዳቸው ከውሃው ጋር ወረደ። ሆስፒታል ስንደርስ ምን እንደነካቸው ሲጠየቁ አላውቅም አሉ። በኋላ ቤት ስንመለስ ጮህኩባቸው። ምናለ ለልጅቷ በጆሮዋ ቢነግሯት አልኩ።

«ብነግራትስ? አልቀባም ትላለች። ለምን ሲሏት አክስቴ ከለከለችኝ ትላለች። በገባች ቀን ነገር ይዛ ገባች ማለት ነው። ደግሞ ብትፈራና ዝም ብትልስ? ይቀቧታል። ያቺን አስተማሪ አላየሻትም?»

«እሺ፣ አሁን ሲያዩዎት አያውቁም?»

«አይወቁ። ማይልኝ ለማንም አልናገርም ብለሽ።» ማልኩላቸው።

ቁስሉ ከረመና ደረቀ። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ፣ ጉንጫቸው ላይ ደግሞ የተጨማደደ ጠባሳ ሆኖ ቀረ። ገበያው ማውራት ጀመረ። አንዱ፣ ከራሷ ሱቅ ተቀብታ ነው ይላል። ሌላው፣ አይደለም፣ የሰርጉ ዕለት የተቀባችው ነው፣ ስትቀባ ያየች ሴት ነገረችኝ ይላል። ይህኛው ወሬ አድጎ አድጎ እትዬ መዲና ቤት ገባ። ሰሚራ ያን ጊዜ ሆዷ ገፍቷል።

አንድ የገበያ ቀን ከቢሮ ወጥቼ ሱቁ ውስጥ ከእትዬ ዘይነባ ጋር ተቀምጬ ነበር። ሁለት ተማሪዎች ሎሽን እየመረጡ ነው። አንዲት ከዚያው ዞን ከዝቋላ ወረዳ የመጣች ሴት ሳሙናና ቫዝሊን ይዛ ልትከፍል ቆማለች። ሰሚራ ገባች። ቁጭ በይ ስትባል አልተቀመጠችም።

«አክስቴ፣ ሰው ፊት ነው የምጠይቅሽ፤ ሰው ፊት መልሺልኝ። አክስትሽ ፊቴን ያበላሸው ከነመዲና ቤት የመጣ ክሬም ነው እያለች ታስወራለች ይላሉ። አማቴ ከአፌ ቃል አትቀበልም። ፎዚያ በስጦታዬ ታማሁ ብላ ቤቱን ጥላ ሄዳለች። ጀማል እንኳ ወደ እናቱ ቤት ሄዶ ማደር ጀምሯል። አንቺ ነሽ ያልሽው? እውነት ነው?»

እትዬ ዘይነባ ወደ እኔ ሳይዞሩ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ተጫኑት።

«ማን ነው ይሄን ያለሽ?» አሉ ረጋ ብለው። «የነሱ ክሬም ምን አደረገኝ? ጥሩ ክሬም ነበር። ይሄ ያገኘኝ ከራሴ ሱቅ ነው። ከዚህ መደርደሪያ ላይ አንሥቼ ሳላየው የተቀባሁት ነው።»

«ወላሂ በይ።»

እትዬ ዘይነባ ዕቃ ለመሸጥ ብለው እንኳ ምለው አያውቁም። የዝቋላዋ ሴትም ተማሪዎቹም ዞረው ያዩዋቸዋል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፁ የመጣው ዘግይቶ ነው።

«ወላሂ» አሉ።

ሰሚራ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ሳመችና፣ ከትከሻዋ ሸክም የወረደላት ሰው መስላ ወጣች። ለጀማል እናት ልትነግር መሆኑ ከአካሄዷ ያስታውቃል። ከሷ ቀጥሎ ተማሪዎቹ የያዙትን ሎሽን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ወጡ። የዝቋላዋ ሴት ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ቫዝሊኑን መለሰች፣ ሳሙናውንም መለሰች። ሱቋ ባዶ ሆነች። ከዚያ ቀን በኋላ የመጣ ደንበኛ ቢኖር መንገደኛ ብቻ ነው፤ ዓመት ሳይሞላ ተዘጋች።

እኔ የተመለሰውን ዕቃ በንዴት ወደ መደርደሪያው ወረወርኩት። እትዬ ዘይነባ ግን በበሩ በኩል ሰሚራ የሄደችበትን መንገድ ያያሉ።

«አየሽልኝ ፊቷን?» አሉኝ። «አንዲት ነጥብ የለበትም።»